አሥራ አንድ ገጽ በትልልቁ ፊደል

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዛሬም አራት ጊዜ ተቋረጠ። የሚጠፋው ፕሪንተሩ አይደለም፤ እሱ አረንጓዴ መብራቱ እንደበራ ቁጭ ብሏል። የሚክደው ላፕቶፑ ነው። ኬብሉ ሁለቱን አያይዟቸው በዓይኔ እያየሁ «የተገናኘ ፕሪንተር የለም» ይለኛል። ነቅዬ ስሰካው ያውቀዋል። አንድ ገጽ ያወጣል፣ ቀን ሲቀናው ሁለት። ከዚያ ተመልሶ ይክደዋል።

እስካሁን ግድ አልሰጠኝም ነበር። ከጅዳ በተመለስኩ በዓመቱ ሁለቱንም ያገለገለ ዕቃ ደሴ ገዝቼ ያመጣኋቸው ለመለማመጃ ነው። ሲሠራ እጠቀምበታለሁ፣ ሲያኮርፍ እተወዋለሁ። አሁን ግን ቅዳሜ እየመጣ ነው።

ቅዳሜ አባቴ ወደ ከላላ ይሄዳሉ። አቶ ጌታሁን የሚባሉ ሰው ፊት ቆመው የሚያነቡት ደብዳቤ አለ። አቶ ጌታሁን የዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ አባ ያስተምሩበት በነበረ የገጠር ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ። የፈተና ወረቀት አውጥተሃል ተብለው ተባረሩ። ለመባረራቸው ምክንያቱ አባ ናቸው። ሰውየው ግን ወረቀቱን አላወጡም። እኔ የማውቀው ይህን ያህል ነው። የቀረውን አባ እየነገሩኝ፣ እኔ እየተየብኩ እደርስበታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደውዬ ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ። አባ ከሰላምታው ማለፍ አቅቷቸው ስልኩን መለሱልኝ። አቶ ጌታሁን ረጋ ብለው «መምህሩ ይምጡ» አሉኝ። «ግን ለኔ ብቻ አይደለም። ልጆቼ ባሉበት ይናገሩት።»

በወረቀት ለምን አስፈለገ? ጠይቄያቸዋለሁ። «በቃሌ ከሆነ አለሳልሰዋለሁ» አሉ። «ሰው ፊት ስቆም አፌ ወደሚመቸው ይሄዳል። ወረቀት አይሄድም።» ሌላ ሰው ያንብብልዎት ስላቸው እምቢ አሉ። ዓይናቸው ደግሞ ደክሟል፤ ደሴ ያየቻቸው ሐኪም «የቀረውን እንጠብቀው» ነው ያለቻቸው። ፊደሉን አጥቁሬና አግዝፌ ሳቀርብላቸው ግን ያነባሉ። በዚህ ምክንያት በተራ ፊደል አንድ ገጽ ተኩል የሚይዘው ደብዳቤ ሲያልቅ አሥራ አንድ ገጽ ይሆናል።

ከተማው ውስጥ ማተሚያ ቤት አለ። ፍላሽ ይዤ ብሄድ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ግን ይህ መካነ ሰላም ነው። እዚያ ከታተመ ወሬው ከኛ ቀድሞ ከላላ ይገባል። አቶ ጌታሁንም ከአባ አፍ መስማት የሚገባቸውን ከሚኒባስ ረዳት አፍ ይሰሙታል።

ስለዚህ ያለኝ ይሄው ፕሪንተር ነው። እስከ ዓርብ ማታ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ጅዳ የቤት ሠራተኛ ሳለሁ የማዳም ልብስ ማጠቢያ ማሽን እየመረጠ ይቆም ነበር። ሁለት ባለሙያዎች መጥተው አቃታቸው። እኔ ሳምንቱን ሙሉ የቆመበትን ሰዓት ጻፍኩ። ላይኛው ፎቅ ያሉት ሰዎች ገላቸውን ሲታጠቡ ነበር የሚቆመው፤ ውኃው ሲደክም። ማዳም አላመነችኝም፣ እኔ ግን ያን ቀን ንጉሥ ሆኜ ዋልኩ። አንድ ነገር ለምን እንደሚሆን ካላወቅሁ ምግብ አይጥመኝም፤ ከልጅነቴም እንዲህ ነኝ።

ዛሬም ደብተር ወሰድኩ።

3፡10፦ አንድ ገጽ ወጣ። ተቋረጠ።
3፡45፦ ሁለት ገጽ ወጣ። አባ «ጎበዝ ሠራተኛ» የሚለው «ታማኝ ሠራተኛ» ይባል አሉ። ተከራከርን። ቀየርኩት። ሳዘው ተቋርጧል።
4፡20፦ ተቋረጠ። ከግድግዳው ወዲያ ብየዳ ይጮኻል።
4፡50፦ ተቋረጠ። አሁንም ብየዳ።

ብየዳ። ይህን እንዴት እስካሁን አላሰብኩትም? ጎረቤታችን ተፈራ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ሲጀምር አምፖላችን ደከም ይላል። ፕሪንተሩም ለአፍታ ኃይል ሲያጣ ላፕቶፑ ይረሳዋል ብዬ ገመትኩ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ሄድኩ።

ተፈራ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሰማኝና «ሰዓዳ፣ በዚህ መንገድ የሞተው ዕቃ ሁሉ የኔ ነው» አለ። «ቴሌቪዥኑም የኔ፣ ፍሪጁም የኔ። ባለፈው የአንዷ ዶሮ እንቁላል መጣል አቆመች ብለው መጡብኝ።» እየሳቀ ነው የሚለው፣ ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አይመስልም። ከመበየዱ በፊት ብረት ሁለቴ እንዲመታልኝ ተስማማን።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። ሁለቱ ከተፈራ ምት ጋር ገጠሙ። ሦስተኛው አልገጠመም። እውነቱን ልጻፍና፣ ሦስተኛውን ማየት አልፈለግኩም። ብየዳው እንዲሆን ፈልጌያለሁ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ተፈራ ለሳምንቱ ቀጠሮ ያለበት በር ስላለ ሥራ አቁምልኝ ማለት አልቻልኩም። ስለዚህ ሌላ ነገር ልሞክር ብዬ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ኬብሉን በጣቶቹ እያሻሸ «ይሄ ነው፣ ውስጡ ተቆርጧል» አለ። አዲስ ኬብል ይዤ በሩጫ ተመለስኩ።

ሦስት ገጽ አከታትሎ ወጣ። አባን ጠርቼ አሳየኋቸው። ወረቀቱን ከዓይናቸው አስጠግተው፣ አርቀው፣ እንደገና አስጠግተው አነበቡ። «ጥሩ ነው። ይህንን ማንም ያነበዋል» አሉ። ማንም ሲሉ ራሳቸውን ነው።

ከዚያ ለሚቀጥለው ገጽ የስቴንስሉን ነገር ነገሩኝ። እኔ ስቴንስል አይቼ አላውቅም። ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው አሉ። በጽሕፈት መኪና ሲመቱት በፊደሉ ልክ ይበሳል። ማባዣው ላይ ይጠመጠማል፣ መዘውሩ ሲዞር ቀለሙ በቀዳዳው አልፎ ወረቀት ላይ ያርፋል። ሥራው ሲያልቅ ስቴንስሉ መቃጠል አለበት፤ ምክንያቱም ወደ ብርሃን ካነሱት ፈተናው እንዳለ ይነበባል።

«አላቃጠልኩትም» አሉ። «ደክሞኝ ነበር። ነገ አቃጥለዋለሁ ብዬ አጣጥፌ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። መሳቢያው ቁልፍ የለውም።»

ፈተናው ወጣ። ኮሚቴ ተቀመጠ። የቢሮው ቁልፍ ያለው አባና አቶ ጌታሁን ጋ ነበር። ኮሚቴው አባን ጠየቃቸው።

«ምን አሉ?»

«እኔ አይደለሁም አልኩ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም። ይበቃ ነበር።»

ዝም አልን። አባ መቁጠሪያቸውን አነሱ። ቆይቼ አራተኛውን ገጽ ሳዝ «የተገናኘ ፕሪንተር የለም።»

አዲሱ ኬብል እንደ አሮጌው ነው። ጠጋኙ ዘንድ ስመለስ ሳያየኝ «እንግዲያው ፕሪንተሩ ራሱ ነው፣ ሌላ ግዢ» አለኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። ሰው ሳያውቅ እንዴት እንዲህ እርግጠኛ ይሆናል?


ሐሙስ፣ ኅዳር 11

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። እስከ ስምንት ሰዓት አልመጣም። ደግነቱ ላፕቶፑን ማታ ሞልቼዋለሁ።

ሁልጊዜ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ክፍሌ ያለው አንድ ሶኬት ብቻ ነው፤ ማከፋፈያው በክረምት መብረቅ ተቃጥሏል። ስለዚህ መጀመሪያ ላፕቶፑን እሞላለሁ፣ ከዚያ ነቅዬ ለፕሪንተሩ ቦታ እለቃለሁ።

ምናልባት መብራቱ ጨርሶ ባይመጣስ ብዬ በማርከር ጻፍኩላቸው። ሦስት ገጽ ሞላሁ። አባ ሁለተኛው ላይ መስመሩ ጠፋቸው። «እጅሽ ሽቅብ ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። ተማሪዬ ብትሆኚ አስደግምሽ ነበር» አሉ። በሳምንቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

መብራት እስኪመጣ ድረስ ደብዳቤውን ከመጀመሪያው እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። «ስቴንስሉን አንድ ተማሪ ከመሳቢያዬ መውሰዱን በኋላ ደረስኩበት» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«መልሰሽ አንብቢው።»

አነበብኩት።

«እንደገና።»

አነበብኩት። ምን ይቀየር ብላቸው «ይቆይ» አሉ። ተነሥተው ውዱእ ሊያደርጉ ወጡ። ውኃው ሲፈስ ረጅም ጊዜ ሰማሁት።

ሌላም ቃል አለ የተቸገሩበት። መጨረሻው ላይ «አፉ በሉኝ» የሚለውን የይቅርታ ቃል ሁለቴ አስወጥተው ሁለቴ አስገብተውታል። «አፉ በሉኝ ማለት መለመን ነው» ይላሉ። «መጀመሪያ የሠራሁትን በትክክል ልናገር። ሳልናገር ከለመንኩ ሰውየውን ሁለተኛ ማታለል ነው።»

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሞከርኩ። ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። ደብተሬ ላይ እንዲህ ጽፌያለሁ፦ ኬብሉ አይደለም። ቀለሙ አይደለም። የሰካሁበት ቀዳዳ አይደለም፣ ሦስቱንም ሞክሬያለሁ። አቧራ አይደለም፣ ጠርጌዋለሁ። የቀረው ተፈራ ነው።

ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው። ተፈራ አይሠራም። ነገ ይለያል።


ዓርብ፣ ኅዳር 12

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ከግድግዳው ወዲያ ፀጥ ብሏል። ተፈራ ከነቤተሰቡ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። አምፖሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልደከመም።

2፡20፦ ሁለት ገጽ። ተቋረጠ።

ተቀምጬ አየሁት። ሳምንቱን ሙሉ ያላጠፋውን ሰው ስወነጅል ነው የቆየሁት፣ ዶሮይቱን ጨምሮ ያሸከሙትን ሰው። ሲመለስ እነግረዋለሁ።

አባ ከጁምዓ ሲመለሱ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«‹በኋላ› የሚለውን አውጪው» አሉ።

«በምን ልተካው?»

«‹በሦስተኛው ቀን› በይ።»

ተየብኩት። ከዚያ ጣቴ ቆመ። «ኮሚቴው ከጠየቀዎት በሦስተኛው ቀን አቶ ጌታሁን የት ነበሩ?»

«እዚያው በር ላይ። የስንብት ደብዳቤው የመጣላቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍተውልኛል። ‹እንደምን አደሩ መምህር› ይሉኛል። እኔም ‹አልሐምዱሊላህ› እላለሁ።»

እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት ቆይተው ያወቁት ይመስለኝ ነበር። ወይም ሰውየው ከሄዱ በኋላ። ያወቁት ግን አንድ ቃል ቢናገሩ አቶ ጌታሁን ሳይባረሩ የሚቀሩበት ጊዜ ላይ ነው።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጅዳ ማዳም የወርቅ ቀለበቷ ጠፋ ብላ ሻንጣዬን መሬት ላይ ገለበጠችው፣ የውስጥ ልብሴን ሳይቀር። ከሳምንት በኋላ ቀለበቱ ከራሷ ቦርሳ ተገኘ። አንድም ቃል አልተናገረችም። ቀሚስ ሰጠችኝ። ይህን ለአባ የነገርኳቸው ባለፈው ረመዳን ነው። እስክጨርስ አልጠበቁም፤ ተነሥተው ከክፍሉ ወጡ። ያኔ ለኔ አዝነው መስሎኝ ነበር።

ማውራት ብጀምር የማይባል እላለሁ ብዬ ፈራሁ። ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁት፣ አሥራ አንዱንም ገጽ በየተራ አዘዝኩ። አንዱ ሲወጣ ወዲያው ሁለተኛውን፣ ሁለተኛው ሲወጣ ሦስተኛውን። ቀና ብዬ አላየኋቸውም። የሚሰማው የፕሪንተሩ ድምፅ ብቻ ነው።

ዘጠነኛው ገጽ ላይ ነው የነቃሁት። አልተቋረጠም።

አሥር። አሥራ አንድ። አልተቋረጠም።

ደብተሬን አወጣሁ። ማክሰኞ የተቋረጠው ስለ «ታማኝ» ስንከራከር ነው። ረቡዕ፣ ስለ ስቴንስሉ ሰምቼ ዝም ስንል። ትናንትም በየቃሉ ስንቆም። ዛሬ ጠዋትም ሁለት ገጽ አውጥቼ ሻይ ላፈላ ተነሥቼ ነበር። ብየዳው ሲገጥም የነበረው ተፈራ ቀኑን ሙሉ ስለሚበይድ ነው። የሚቋረጠው እኛ ስንቆይ ነው። ሥራ ሲፈታ።

ሞከርኩት። አንድ ገጽ አዝዤ እጄን አጣጥፌ ጠበቅሁ። አምስት ደቂቃ። ጠፋ። ሰክቼ ወዲያው ወዲያው አዘዝኩ፣ ሠራ። አሁንም ጠበቅሁ፣ ጠፋ። ከዚያ የተፈራ ሚስት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ማከፋፈያ ተዋስኩና ላፕቶፑንም ፕሪንተሩንም አንድ ላይ መብራት ላይ አደረግኳቸው። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ። አልጠፋም።

ገባኝ። ላፕቶፑ በባትሪ ሲሆን ኃይል ይቆጥባል። ኬብሉ የተሰካበት ቀዳዳ ለጥቂት ጊዜ ሥራ ከፈታ ያስተኛዋል። ሲተኛ ፕሪንተሩን ይረሳል፣ በራሱም አይነቃም። ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ ፈለግኩ፤ ከብዙ ዝርዝር ሥር አንድ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ምልክት ተደርጓል፦ ኃይል ለመቆጠብ ይህን መሣሪያ እንዲያጠፋው ፍቀድ። ምልክቱን አነሳሁት። ከዚያ በባትሪ ብቻ ግማሽ ሰዓት አቆይቼ አንድ ገጽ አዘዝኩ። ወጣ።

መደሰቴ አሳፈረኝ። በአባ ተቆጥቻለሁ፣ እጄ ላይ ያለው ወረቀት ያን የሚያስቆጣ ነገር ይዟል፣ እኔ ግን እንደ ልጅ ልቤ ይመታል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱንም ጽፌያለሁ።

አሥራ አንዱን ገጽ በክሊፕ ያዝኩና ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩ። «ተገኘ» አልኳቸው። «ከምን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አዳመጡኝ፣ በጥሞና፣ እንደ ተማሪ። ከዚያ «ነገ አብረሽኝ ትመጫለሽ?» አሉ። ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እንደምሄድ የታወቀ መስሎኝ ነበር።

እመጣለሁ አልኩ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ከላላ ደርሰን ተመልሰናል። ወገቤ በመንገዱ አልቋል፣ ፀጉሬ በአቧራው ሸብቷል። ሳልረሳው ልጻፈው።

ከሚኒባሱ ስንወርድ የአቶ ጌታሁን ልጅ ደሳለኝ በቅሎ ይዞ ጠበቀን። አባን አስቀመጣቸው። መንገዱን ሙሉ ከትሕትና ቃል ሌላ አልተናገረም። ማሳው ላይ ጤፍ ይታጨዳል።

አቶ ጌታሁን በረንዳ ላይ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ባለቤታቸውና ታላቂቱ ልጃቸው በላይነሽ አጠገባቸው አሉ። ሌሎቹ ሁለት ልጆች የሉም፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ሪያድ ናቸው። አባን ተቀመጡ አሏቸው። አባ «ሳነብ ልቁም» አሉ።

ቆመው አነበቡ። እኔ ያነበቡትን ገጽ እየተቀበልኩ ቆምኩ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ገጾች ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምሩ አድርገው ነው ያነበቡት፣ ጮክ ብለው። አራተኛው ላይ «በሦስተኛው ቀን» ብለው ቆሙ። መስመሩ ጠፍቷቸው መሰለኝና ጣቴን ወረቀቱ ላይ ላሳርፍ ስል እጄን ገለል አደረጉት። መስመሩ አልጠፋቸውም።

አቶ ጌታሁን «ይቀጥሉ መምህር» አሉ።

ቀጠሉ። እስከ አሥራ አንደኛው ገጽ። «አፉ በሉኝ» የሚለውንም አነበቡ፤ በመጨረሻ እንዲቆይ ወስነው ነበር።

መጀመሪያ የተናገረችው በላይነሽ ናት። «ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ» አለች። «በዚያ ሰሞን የተማሪ ደብተር ተሸክሜልዎት ከቢሮ ክፍል ድረስ ሄጃለሁ። ጎበዝ ልጅ ብለውኛል። በወሩ ትምህርቴን አቆምኩ።»

አባ «አስታውሳለሁ» አሉ። ሊጨምሩ ሲሉ አየኋቸው፣ አፋቸው ተከፈተ፣ ከዚያ ተዉት።

አቶ ጌታሁን እስካሁን መሬት መሬት እያዩ ነበር። «ለኔ አፉ ማለት አይከብደኝም» አሉ። «አርጅቻለሁ፣ ቂም መሸከም ደክሞኛል። ግን ብቻዬን አይደለም የተባረርኩት። አራት ልጅ ነው አብሮኝ የወጣው። ለአራቱም አንዳንድ ወረቀት ላኩልኝ። ሁሉም ያንብቡት። የኔን ከዚያ እነግርዎታለሁ።»

ማርና ዳቦ ቀረበ፤ ሥጋቸውን እንደማንበላ ያውቃሉ። አባ ትንሽ ቀመሱ። አቶ ጌታሁን ስንመጣ እንደተቀመጡ ስንሄድም ተቀምጠው ሸኙን።

በሚኒባሱ ውስጥ አባ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ። «ድምፄ ተሰማ?» አሉኝ።

«ተሰማ።»


እሑድ፣ ኅዳር 14

አራት ቅጂ፣ በተራው ፊደል። የነሱ ዓይን ደህና ነው።

አባ አጠገቤ ተቀምጠው በየገጹ አስቆሙኝ። ‹በሦስተኛው ቀን› የሚለው እንዳልተቀየረ ሊያረጋግጡ አራት ጊዜ አስነበቡኝ፣ በየቅጂው። መሐል ላይ ዙሁር ሊሰግዱ ተነሡ። ተመልሰው መጡ። ፕሪንተሩ ጠብቋቸዋል። አንድም ጊዜ አልነቀልኩትም።

ሲፈርሙ ጣታቸውን ይዤ መስመሩ ላይ አሳረፍኩላቸው። ዓርብ ከሰዓት ጀምሮ ስነካቸው የመጀመሪያዬ ነው። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። ቁጣዬ አልሄደም፣ ግን ቅርጹ ተለውጧል። ማዳም ወረቀት ብትጽፍልኝ ኖሮ ምን እላት ነበር? አላውቅም። አሁንም እያሰብኩበት ነው።

ፖስታው ተለጥፎ በሚኒባስ ለደሳለኝ ተላከ።

ተፈራ ዘንድም ሄድኩ። ማከፋፈያውን መለስኩና «አንተ አልነበርክም» አልኩት። ምን እንደሆነ አስረዳሁት። መነጽሩን አወለቀ። «ብዙ ሰው አንተ ነህ ብሎኛል» አለ፣ «አይደለህም ሊለኝ ተመልሶ የመጣ ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።» ሚስቱንም ጠርቶ ነገራት።


ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ሁለት ቀን ምንም የምጽፈው አልነበረም። አባ ስልኩን ከኪሳቸው አያወጡም፣ ከጆሯቸውም አያርቁም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አቶ ጌታሁን ደወሉ፣ ወደ እኔ ስልክ። በላይነሽ አንብባዋለች፣ ሁለት ጊዜ። ደሳለኝም። የአዲስ አበባው «ከዚህ በኋላ ምን ይረባል» ብሏል። ሪያድ ያለችው በስልክ ተነቦላት አልቅሳ ዘግታዋለች፤ ገና መልሳ አልደወለችም።

«እርስዎስ?» አልኳቸው። ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ።

«እኔማ» አሉና ቆዩ። «ቅዳሜ መካነ ሰላም ጉዳይ አለኝ። ቤታችሁ የት እንደሆነ ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። ከመናኸሪያው ሽቅብ፣ ብየዳ ቤቱን እንዳለፉ።

ለአባ ሁሉንም እንደተባለው ነገርኳቸው፣ የአዲስ አበባውንም ሳላስቀር። የሚያለሳልስ ሰው በዚህ ቤት ከእንግዲህ አያስፈልግም። አፉ እንደተባሉ ወይም እንዳልተባሉ ሁለታችንም አናውቅም።

ከዚያ አባ «መናኸሪያ ወርደን እንቀበላቸው» አሉ። «ዳገቱን አይችሉትም። ቀኝ ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ሁለት ዓመት ሆነው።»

እኔ እንኳ አላወቅሁም። ቅዳሜ ያየኋቸው ተቀምጠው ነው፣ አባ ደግሞ ከሁለት ክንድ በላይ አያዩም። በነዚህ ዓመታት ሁሉ ከላላ ደርሶ ከሚመለስ ሰው ማንን ስለ አቶ ጌታሁን እየጠየቁ እንደኖሩ አልጠየቅኳቸውም። «ምርኩዝ እንያዝላቸው?» ብቻ አልኳቸው።

«እጄን እሰጣቸዋለሁ» አሉ። «አንቺ ፊት ፊት ሂጂና መንገዱን አሳዪን።»